በቤተ መንግሥት ወለል ላይ የተበተነ አሸዋ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ367 ዓመት ገደማ፣ በሲሲሊ ደሴት የሚገኘው የሲራኩስ ቤተ መንግሥት ወለል በአሸዋ ተሸፈነ። በዚያ ዘመን ጂኦሜትሪ የሚጠናው አሸዋ ላይ እየሣሉ ነበርና፣ ከወጣቱ ገዥ ከዳግማዊ ዲዮናስዮስ ጀምሮ ባለሟሉ ሁሉ እንጨት ይዞ፣ አጎንብሶ፣ ክብና ሦስት ማዕዘን ሲሥል ይውል ጀመር። ፕሉታርክ እንደሚተርከው ቤተ መንግሥቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ከአቴና በመርከብ የመጣ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው እንግዳ ነው። የእኛ የግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን ይሉታል፤ ዛሬ ፕላቶ እንለዋለን።

ነገሩ ያስቃል። ባለሟሉ ጂኦሜትሪን የወደደው ጌታው ስለወደደው ነው። ጌታው ፊቱን ሲያዞር ክቡም ሦስት ማዕዘኑም ተረሳ፤ እንግዳውም በሰላም አገሩ ለመግባት ብዙ ተቸገረ። ስለ መንግሥት መፈላሰፍ ለመንግሥት ሥራ አይረባም የሚሉ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይህችን ታሪክ እያነሡ ይሥቃሉ።

በአማርኛም ቢሆን “ተፈላሰፈ” ምስጋና አይደለም። ስብሰባ ላይ ነገር ያስረዘመ ሰው “ኧረ አትፈላሰፍብን” ይባላል። ቢሮ ሄዶ “ይህ መመሪያ ግን ፍትሐዊ ነው?” ብሎ የጠየቀም “እሱን ተወውና ፎርሙን ሙላ” የሚል መልስ ቢያገኝ አይደንቅም። ግብር መሰብሰብ፣ ዳኛ መሾም፣ ወታደር መቀለብ፣ ድልድይ መሥራት ሥራ ነው፤ ፍትሕ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ወሬ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ይህን ክስ በግማሽ ልቤ አምነው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ፈላስፎቹ አይደሉም፤ አዋጆች ናቸው። አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነቡት፣ አንዳንዱ አንቀጽ ሥር አንድ የሞተ ሰው ተቀምጦ ይገኛል።

መጀመሪያ ግን የሲራኩሱን ታሪክ እንጨርሰው፤ በሣቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ፕላቶ ወደ ሲራኩስ የሄደው ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የወጣቱ አባት በሚገዛበት ዘመን ነበር። መጨረሻው አላማረም፤ ገዥው ተቆጥቶ እንዳባረረው፣ በባርነትም እንደተሸጠና አንድ የቀሬና ሰው ዋጋውን ከፍሎ እንዳስለቀቀው የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከዚያ ጉዞ ያተረፈው አንድ ደቀ መዝሙር ነው። ዲዮን የሚባል፣ የገዥው የሚስቱ ወንድም የሆነ ወጣት በትምህርቱ ተነደፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ አባት ሞቶ ልጅ ሲተካ ዲዮን ለመምህሩ ላከበት፤ አሁን ጊዜው ነው፣ ወጣቱ ልቡ ክፍት ነው፣ ና።

ፕላቶ አመነታ። ለምን እንደሄደ በስሙ የሚታወቀው ሰባተኛው ደብዳቤ ያብራራል፤ ደብዳቤውን እውነት እርሱ ጻፈው አልጻፈው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እዚያ ላይ የተሰጠው ምክንያት ልብ ይነካል። ባይሄድ ለራሱ የቃል ብቻ ሰው፣ እጁን ወደ ሥራ የማይዘረጋ ሰው መስሎ እንዳይታየው ፈርቶ ነበር። ሽማግሌውን መርከብ ያሳፈረው “አትፈላሰፍብን” የሚለው ክስ ነው ማለት ይቻላል።

ከደረሰ አራት ወር ገደማ እንደሆነው ዲዮን በሴራ ተጠርጥሮ ተሰደደ። ፕላቶም በእንግድነትና በእስር መካከል ቆይቶ ተመለሰ። በ361 ዲዮንን አስታርቃለሁ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ፤ ይባስ ብሎ ግቢ ውስጥ ተያዘ። ያስለቀቀው የታራንቶው አርኪታስ መርከብ ልኮ ነው። አርኪታስ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ በከተማውም ሰባት ጊዜ የጦር አዛዥነት ተመርጦ እንዳገለገለ ይነገርለታል። ፈላስፋ አገር ማስተዳደር አይችልም የሚሉ ሁሉ ሲራኩስን ይጠቅሳሉ፤ ከባሕሩ ማዶ የነበረውን ታራንቶን የሚያነሣ የለም። ሳይንኮታኮት የሄደ አስተዳደር ተረት አይሆንም።

ዲዮን በ357 ጦር ይዞ መጥቶ ሲራኩስን ያዘ። በ354 አብሮት ከአቴና የመጣ ካሊፖስ የሚባል ሰው አሲሮ አስገደለው። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተረጋጋችም።

በእኔ አመለካከት የፕላቶ ስሕተት ጂኦሜትሪ ማስተማሩ አይደለም፤ መንግሥት የሚባለው ነገር የሚገኘው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። ያንን ራስ ካስተካከልኩ አገሩ ይስተካከላል አለ። ራሱ እንደተረዳው የሚያሳየው በእርጅናው የጻፈው “ሕጎች” የተባለው መጽሐፍ ነው። እዚያ ፈላስፋ ንጉሥ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች በክሬት ደሴት መንገድ ላይ እየሄዱ ስለ አንዲት አዲስ ከተማ ሕግ ይነጋገራሉ። ከተማዋ 5040 አባወራ ይኖራታል። ለምን 5040? ከአንድ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ መሬት ለማደል፣ ግብር ለመደልደል፣ ጦር ለመክተት ያመቻል። ስለ ውኃ ጠብ፣ ስለ ገበያ ሹም፣ የሌላውን ሰው ንብ አታልሎ ስለወሰደ ሰው ሳይቀር ሕግ አለ። ሰው የሚያነበው ግን ስለ ፈላስፋው ንጉሥ የሚያወራውን የቀድሞውን መጽሐፍ ነው። ስለ ንብ የሚናገር ፈላስፋ ማን ይፈልጋል?

ተማሪው አርስቶትል በዚህ በኩል ብልህ ነበር። እርሱና ተማሪዎቹ የ158 ከተሞችን የመንግሥት አወቃቀር ሰበሰቡ ይባላል። ሁሉም ጠፍቶ የአቴናው ብቻ በግብፅ ምድር በፓፒረስ ላይ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ታተመ። ፓፒረሱን ገልብጠው ሲያዩት በፊት ለፊቱ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ አንድ የእርሻ ኃላፊ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የያዘው የገቢና የወጪ መዝገብ ነው። ወረቀት ተወዶ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እኔ ግን ይህን ምዕራፍ ስጽፍ ያ ቅጠል ከዓይኔ አልጠፋም፤ በአንድ በኩል ሥልጣን እንዴት ይከፋፈል፣ በሌላ በኩል የእርሻ ሒሳብ።

* * *

ሐሳብ ወደ መንግሥት የሚገባበት በር ብዙ ጊዜ የጓሮ በር ነው። አንዱን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንከተለው፤ መድረሻው አዲስ አበባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 ኢቶ ሂሮቡሚ የተባለ የጃፓን ባለሥልጣን ሕገ መንግሥት ሊማር አውሮፓ ሄደ። በርሊን ላይ ያገኘው መምህር ብዙም አላበረታታውም። ቪየና ላይ ያገኘው ሎሬንዝ ፎን ሽታይን ግን ሲፈልገው የነበረውን ሰጠው። ሽታይን ከሄግል ፍልስፍና የተቀዳ ሐሳብ ይዞ ነበር። ኅብረተሰብ ማለት እያንዳንዱ ወገን ለጥቅሙ የሚታገልበት ሜዳ ነው፤ ባለመሬቱ ለመሬቱ፣ ባለፋብሪካው ለፋብሪካው። መንግሥት ግን ከእነርሱ በላይ መቆም አለበት። ንጉሥ ከማንኛውም ወገን ስላልሆነ ያንን ከፍታ ሊይዝ ይችላል፤ የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን ያስኬድለታል። በዚያው መጠን ግዴታም አለበት፤ ከበላይ የቆመ ንጉሥ ለታችኛው መደብ ለውጥ ካላመጣ ዙፋኑ አይጸናም።

ኢቶ ይህን ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1889 የታወጀው የጃፓን ሕገ መንግሥት 76 አንቀጾች ነበሩት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈር ነው ይላል።

ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥቷን አገኘች። ሄግል ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር። አንቀጾቹ 55 ናቸው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፊታቸው ያደረጉት አብነት የጃፓኑን ነው። እኚህ ሰው ልጅ ሳሉ ዓድዋን አይተው፣ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ናቸው። “ፋቡላ” የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትም እርሳቸው ናቸው፤ አውሬዎችን እያናገሩ ሹማምንቱን ስለነኩ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በአውሬ ቋንቋ የተከለከሉትን በአንቀጽ ቋንቋ ሞከሩት ብዬ ባስብ አንባቢ ይፍረደኝ።

አምስተኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይነካ፣ ሥልጣኑ የማይከራከሩበት መሆኑን ይደነግጋል። የአገሬው ሰው ይህን ለመረዳት ቪየና መሄድ አላስፈለገውም፤ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲል ኖሯል። ይህ ተረትና ምሳሌ ራሱ የፖለቲካ ፍልስፍና ነው፤ ሥልጣን ከማን ይመጣል፣ ማን ይጠይቀዋል ለሚለው ጥያቄ በአራት ቃል የተሰጠ መልስ። የሄግል ቅጂና የባላገሩ ተረት አንድ አንቀጽ ላይ ተገናኙ።

በመንገድ የቀረው ነገር ግን ከደረሰው ይበልጣል። በጃፓኑ ሕግ የታችኛው ምክር ቤት አባላት በምርጫ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1890 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የሰጠው አሥራ አምስት የን ቀጥታ ግብር የከፈለ ወንድ ብቻ ነበር፤ ከመቶ ሰው አንድ ያህል። ጠባብ በር ነው፣ ቢሆንም በር ነው። እነዚያ ተመራጮች የበጀት ጭማሪ አንፈቅድም ማለት ይችሉ ነበር፤ ብለውም ሚኒስትሮቹን አስጨነቁ። በእኛው ሕግ ግን 32ኛው አንቀጽ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ፣ ለጊዜው፣ የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በሹማምንቱ ይመረጣሉ ይላል። በጀትም ቢሆን ምክር ቤቶቹ ተነጋግረውበት ውሳኔያቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ይቀርባል። “ለጊዜው” የምትለዋ ቃል እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ድረስ ቆየች፤ ሕዝብ ለምክር ቤት ተወካዩን መጀመሪያ የመረጠው ያን ጊዜ ነው። ከመካከሉ አምስቱን ዓመት ጣሊያን እንደወሰደው አልዘነጋሁም።

ታዲያ ያ ሕገ መንግሥት ጌጥ ብቻ ነበር? ብዙ ሰው እንዲያ ይላል፤ እኔ አልስማማም። የራሱ ጦርና የራሱ ግብር የነበረውን መስፍን አዲስ አበባ አምጥቶ የምክር ቤት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ከሁሉም ወገን በላይ የቆመ መንግሥት የሚለው የሽታይን ሐሳብ እዚህ አገር የተግባር ሥራ ሠርቷል፤ መሳፍንቱን ዝቅ ለማድረግ አገልግሏል። ያልመጣው ሌላው ግማሽ ነው፤ ያ ከፍ ያለ ንጉሥ ለገባሩ የሚከፍለው ዕዳ። ሐሳብ ለመንግሥት አይጠቅምም የሚለው ክስ የሚስተው ይህንን ይመስለኛል። መንግሥት ከሐሳብ የሚመቸውን ብልት መርጦ ይቆርጣል፤ ቀሪው ለፈላስፋው ይመለስለታል፣ ከዚያም “ሕልም ነው” ይባላል።

* * *

ከተክለ ሐዋርያት ቀደም ብሎ ሌላ መንገድ የሞከረ ሰው ነበረን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከዓድዋ አውራጃ ተነሥቶ በልጅነቱ ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ተምሮም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ በታተመው “አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ” በተባለው ጽሑፉ ለሚመጣው ገዥ ምክር ይሰጣል። ምክሩ ፈጽሞ የፈላስፋ አይመስልም። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ። ሹም ደመወዝ ይቈረጥለት። ግብሩ የታወቀ ይሁን። ዳኛ የሚፈርድበት ሕግ ይጻፍ። የገንዘቡ ዓይነት አንድ ይሁን።

የመጀመሪያውን ደግመን እናንብበው። የንጉሡ ሣጥንና የመንግሥት ሣጥን ይለይ ማለት፣ መንግሥት ከንጉሡ ሰውነት የተለየ ነገር ነው ማለት ነው። ንጉሥ ሲሞት የማይሞት፣ ልጁ የማይወርሰው፣ ሚስቱ የማታዝበት አንድ አካል አለ ማለት ነው። በአማርኛ “መንግሥት” የሚለው ቃል ራሱ ከ“ነገሠ” የወጣ ነው፤ ቋንቋው እንኳን ሁለቱን አይለያቸውም ነበር። አውሮፓ ውስጥ ስንቱ ወፍራም መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ተጽፏል። ገብረ ሕይወት የሒሳብ አያያዝ አደረገው። ፕላቶ የገዥውን ነፍስ ሲፈልግ ገብረ ሕይወት ቁልፉን ፈለገ።

ኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆነ። በባቡር የሚወጣውን ቡናና ቆዳ፣ የሚገባውን ጨርቅና ብረታ ብረት በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ነው። “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” በተባለው ዋና መጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ያነሣል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ዋጋው እኩል ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ድካም ግን እኩል አይደለም። የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ድካም ይቀበላል። ነጻነት የሚጠፋው በጦር ብቻ አይደለም፤ በሚዛንም ይጠፋል። ይህንን ሐሳብ በዓለም ደረጃ ምሁራን መጻሕፍት የጻፉበት ከእርሱ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፎ ነው። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሞተ፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ከጻፋቸው ነገሮች ስንቱ ኋላ ያለ ስሙ ተራ የመንግሥት አሠራር እንደሆነ ማስተዋል ነው። ዛሬ ደመወዙን በወሩ መጨረሻ የሚቀበል የመንግሥት ሠራተኛ አወዛጋቢ ሐሳብ በእጁ እንደያዘ አይታወቀውም።

* * *

አሁን ወደ አንዲት ፊደል ልውሰዳችሁ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” እያሉ አደባባይ ወጡ። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአገራችን የዚህን ያህል የሠራ መፈክር የለም። የቃሉን ሥራ የምትሠራው “ለ” ናት። “ይህ ቤት ለልጄ ነው” ስንል ልጁ ባለቤት ሊሆን ነው። “ይህ ውኃ ለከብቶቹ ነው” ስንል ግን ከብቶቹ የውኃው ባለቤት አይሆኑም፤ ይጠጡበታል። መሬት ላራሹ ሲባል ታዲያ እንደ ቤቱ ነው ወይስ እንደ ውኃው?

ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም፤ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጠብ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰበት መሬት የራሱ ይሆናል አለ፤ ለሌሎችም በቂና ያን ያህል ጥሩ የሆነ እስከቀረ ድረስ። እንደ ቤቱ ነው ማለት ነው። የሎክ ሐሳብ ውቅያኖስ ሲሻገር ግን ያች “እስከቀረ ድረስ” የምትለዋ ቅድመ ሁኔታ ሰጠመች፤ ሐሳቡም በበሬ ያልታረሰ የቀደምት አሜሪካውያን ምድር ባዶ ነው ለማለት አገለገለ። ሎክ ራሱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በ1669 የካሮላይና ቅኝ ግዛት ባለርስቶች ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ ጸሐፊያቸው እርሱ ነበር። ያ ሰነድ 120 አንቀጾች አሉት፤ ሰባት ሰዎች ከተስማሙ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ማቋቋም ይችላሉ የሚል፣ ለገንዘብ ብሎ በጥብቅና መቆም ነውር ነው የሚል፣ ነጻ ሰው በጥቁር ባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን አለው የሚልም። ነጻነትን ለዓለም ያስተማረ ብዕርና ይህን የጻፈ ብዕር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። የተግባር ሰዎች ፈላስፋው ከደመና ይውረድ ሲሉ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንዲያርፍ እንደሚፈልጉ መጠየቅ ይገባል።

የእኛ ተማሪዎች ሎክን አልነበረም የሚያነቡት፤ ማርክስንና ሌኒንን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ እስከ አሥር ሄክታር ያርሳል። መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ ማከራየት አይችልም። ቢያንስ 800 ሄክታር በሆነ ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል። አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር፤ እህሉን ለባለርስት ሲያካፍል የኖረ ጭሰኛ ያን ዕለት ነጻ ወጣ። “ለ” ግን ተፈታች። እንደ ውኃው ሆነች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ያንኑ አጸና። ሥርዓት ተለወጠ፤ ፊደሏ በቦታዋ ቀረች።

ከዚህ የተለየ ፍች ይቻል እንደነበር ለማየት ታይዋንን ማየት ይበቃል። የቻይናው ሱን ያት ሰን እ.ኤ.አ. በ1924 ያነሣው መፈክር ከእኛው ጋር መንታ ነው፤ በቻይንኛው ግን “አራሹ መሬቱ ይኑረው” ይላል፤ “ይኑረው” የሚል ግስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1953 ታይዋን ውስጥ ሕግ ሆኖ ሲወጣ መንግሥት ከባለመሬቱ ትርፉን መሬት ገዛ፤ ከዋጋው ከመቶ ሰባውን በእህል በሚከፈል ቦንድ፣ ሠላሳውን በመንግሥት ፋብሪካዎች አክሲዮን ከፈለው። ጭሰኛውም በየዓመቱ እየከፈለ ባለቤት ሆነ። የትኛው ይሻላል የሚለው ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ የኛው አዋጅ ደጋፊዎች ገበሬው በችግር ቀን መሬቱን ሸጦ ከተማ እንዳይፈስ አድርጓል ይላሉ፤ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። መፈክሩ ያን ሁሉ ሰው ሊያሰባስብ የቻለው “ለ” ሁለቱንም ስለያዘች ነው፤ ሁለቱ ተነጣጥለው አደባባይ ላይ በሰፊው ሳይመከርባቸው አዋጁ ደረሰ። አትፈላሰፉብን የተባለበት ሰዓት ለመፈላሰፍ ብቸኛው ሰዓት ነበር።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአማራ ክልል ገበሬ ደብተር ይሰጠው ጀመር፤ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ይባላል። “ባለቤትነት” አላለም፤ “ይዞታ” ነው ያለው። ቃሉን የመረጠው ጸሐፊ ማንን እንዳነበበ ባይነግረንም፣ ካርል ማርክስም ጆን ሎክም ያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ይታየኛል።

ደብተሩ ውስጥ ግን ማንም መፈክር ያላሰማለት ሌላ ነገር አለ፤ ባልና ሚስት መሬቱን በጋራ ከያዙ የሁለቱም ስምና የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ሴት ከወንድ እኩል ናት የሚለው ሐሳብ ስንት መቶ ዓመት በመጽሐፍ ውስጥ ኖሮ፣ ለብዙ የገጠር ሴት የደረሰው በጉርድ ፎቶ መልክ ነው። ለዚያ ሲባል ፎቶ አንሺ ገጠር ድረስ መሄድ ነበረበት፤ ሴቲቱም በነጠላዋ ተሸፍና ካሜራ ፊት መቆም ነበረባት። ደብተሩ ከእህሉ ጎን ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ፍቺ መጥቶ መሬቱ ሲካፈል ዳኛው ስለ እኩልነት የተጻፈ ምዕራፍ አይገልጥም፤ “ደብተሩን አምጪው፣ ፎቶሽን ልየው” ነው የሚላት።